ስም የሌለውን መሰላል ማን ይጠራዋል?

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ የምደጋግመው አንድ ምክር ነበረኝ። «አንድ ጽሑፍ ስታነቡ፣ እዚህ ውስጥ መኖር ሲገባው የጠፋው ሰው ማነው? ብላችሁ ጠይቁ» እላቸው ነበር። ማስተማሩን ከተውኩ ቆየሁ፤ አመሉ ግን አልተወኝም። የመድኃኒት መግለጫ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የባንክ ውል ጀርባ... እጄ የገባውን ሁሉ እንደ ልብ ወለድ አገላብጬ ነው የማነበው። ሰሞኑን ደግሞ የመሰላል ማስጠንቀቂያ ማንበብ ይዣለሁ። «ሥራ ፈታ» አትበሉኝ። ነገሩ ከብዙ ልብ ወለድ የበለጠ የሚያነጋግር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የተሸጠ የቤት ዕቃ አደገኛ ጉድለት ሲገኝበት አምራቹ ዕቃውን መልሶ ይጠራዋል። ጥሪው የመኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሕፃን አልጋ ይጠራል፤ ቡና ማፍያ ይጠራል፤ መሰላልም ይጠራል። የቤት ዕቃዎችን ጥሪ የሚከታተለው እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የተባለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ከእነዚህ የጥሪ ጽሑፎች ጥቂቱን ሰብስቦ ላከልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ እንደ ድሮው ይተንትኑልኝ» የሚል ቃልም አክሎበታል። ቀልዱን ነው። እኔ ግን የምሬን ተነተንኩት።

ከቅርጹ ልጀምር። ጽሑፎቹ አንድ ዓይነት አናት ነው ያላቸው፦ እገሌ የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለውን መሰላል በመውደቅ አደጋ ምክንያት ጠራ። ከዚያ የምርቱ ስም፣ አደጋው፣ መፍትሔው፣ ብዛቱ፣ የደረሱ ጉዳቶች፣ የተሸጠበት መደብርና ዘመን፣ የተሠራበት አገር በየተራ ይደረደራል። መፍትሔው ከሦስት አንዱ ነው፤ መጠገን፣ መተካት ወይም ገንዘብ መመለስ። ቅጽል የለ፣ ስሜት የለ፣ ይቅርታ የለ። ዕቃ ቆጥሮ የሚያስረክብ የንብረት ክፍል ሠራተኛ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 ወርነር የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ መሰላል አምራች 78 ሺሕ ያህል የአሉሚኒየም ተጣጣፊ መሰላሎችን ጠርቶ ነበር። የዚህም ሆነ የብጤዎቹ ጽሑፎች ፍሬ ቃል፣ መሰላሉ በአገልግሎት ላይ ሳለ ሊሰበር ይችላል፤ ይህም የመውደቅ አደጋ ያስከትላል የሚል ነው። ልብ በሉልኝ፤ መሰላል አለ፣ ስብራት አለ፣ አደጋ አለ። የሠራው ሰው የለም። መሰላሉ ላይ የቆመውም ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከታች፣ በጉዳቶች ዓምድ ውስጥ፣ ቁጥር ሆኖ ነው። መሰላል በራሱ ፈቃድ ተሠርቶ በራሱ ፈቃድ ይሰበራል፤ «መውደቅ» የሚባል ነገርም ማንም ሳይወድቅ ይከሰታል።

እስቲ ይህንኑ ወደ አማርኛ እናምጣው። «መሰላሉ ሊሰበር ይችላል» ብትሏት፣ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ አንድ ነገር ይጎድልባታል። «በማን ላይ?» ትላለች። እኛ ቤት ዕቃ ዝም ብሎ አይሰበርም፤ ይሰበርብናል። እንጀራው ሻገተብኝ፣ መብራቱ ጠፋብን፣ ላሚቱ ሞተችበት፣ መሰላሉ ተሰበረበት። ያቺ የግሡ ጭራ ላይ የምትንጠለጠል «በት» ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። ጉዳቱ ያረፈበት ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ እንዳይወጣ ይዛ ታስቀረዋለች። የጥሪ ጽሑፉ ያጣው ይህችን «በት» ነው።

ለምን እንዲህ ተጻፈ? ደራሲው ሁለት ስለሆነ ነዋ! በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ ምርቱ አደገኛ ጉድለት ሊኖረው እንደሚችል የሚያመለክት መረጃ ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለበት። ኮሚሽኑም በተራው የኩባንያውን ስም ጠርቶ ለሕዝብ ከመናገሩ በፊት ለኩባንያው እንዲያሳውቅና የሚለው ነገር ትክክልና ሚዛናዊ መሆኑን እንዲያጣራ የሕጉ አንቀጽ 6 ያስገድደዋል። «ፈጣኑ መንገድ» የሚሉትም አለ። ኩባንያው ራሱ መጥቶ አመልክቶ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ጥሪውን ከጀመረ፣ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች «ምርቱ ጉድለት አለበት» የሚለውን የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ሳይሰጡ ጉዳዩ ወደ ጥሪ ያልፋል። እንግዲህ ጽሑፉ የሁለት ወገን ድርድር ውጤት ነው።

የሽማግሌ ዕርቅ ያየ ሰው ይህን አጻጻፍ ወዲያው ያውቀዋል። ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መቁጠር ከጀመረ ዕርቁ ይፈርሳል። ስለዚህ «ሰይጣን ነው መሃላችሁ የገባው» ይባላል፤ ሁለቱም ይስማማሉ፤ ሰይጣንም መልስ አይሰጥም። በመሰላሉ ጽሑፍ ውስጥ ሰይጣኑ መሰላሉ ነው። ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ተጭኖ ሁለቱ ወገኖች እጃቸውን ታጥበው ይለያያሉ።

ይህ አጻጻፍ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል ባይ ነኝ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ጥሪዎች ውጤታማነት ዐውደ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር። እዚያ በቀረበው አኃዝ መሠረት፣ ሸማቹ እጅ ከገቡት የተጠሩ ዕቃዎች መካከል የታረሙት ወይም የተመለሱት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በየጓዳው ቀርተዋል ማለት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። በእርግጥ ምክንያቱ ብዙ ነው። የገዢው አድራሻ አይታወቅም፤ ዕቃው ርካሽ ሲሆን ደግሞ ለመመለስ የሚደክም የለም። ቢሆንም አጻጻፉም እጁ አለበት። «የመውደቅ አደጋ» የሚል ቃል አንብቦ፣ ቡናውን አቋርጦ፣ መሰላሉን ሊያወጣ የሚነሳ ሰው ስንት ነው? «ይህ መሰላል ቆማችሁበት ሳለ ተሰብሮ ወገባችሁን ሊሰብርባችሁ ይችላል፤ የሠራነው እኛ ነን፤ ዛሬውኑ መልሱልን» ቢል ኖሮስ?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ላመሰግነው ነው። አዎ፣ ይህንኑ ደረቅ ጽሑፍ። ለምን ቢሉ፣ እንደ ሐያሲ ሳነበው ዘልዬው የማልፈው መስመር እንደ ዜጋ ሳነበው አስቆመኝ። የኩባንያው ስም። የሞዴሉ ቁጥር። የተሸጠበት ወር። ሸማቹ የሚደውልበት ስልክ። ይህ መስመር ሥነ ጽሑፋዊ ውበት የለውም፤ አንድ ነገር ግን ይናገራል። ይህ መሰላል ወላጅ አለው፤ ወላጁም ሲጠራ አቤት ይላል። መሰላሉ ስም ስላለው ነው ሊጠራ የቻለው። ስም የሌለው ነገር እንዴት ይጠራል?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ከጥቂት ወራት በፊት መርካቶ፣ ዕቃ ከሚደረደርበት አንድ በር ላይ ቆሜ ተጣጣፊ መሰላል ሳገላብጥ ነበር። የአምራች ስም ፈለግሁ፤ የለም። የሞዴል ቁጥር ፈለግሁ፤ የለም። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ላዩ ላይ አንድ የሚስቅ ሰውዬ መሰላል ይወጣል።

«ይሄ የማን ሥራ ነው የኔ ልጅ?» አልኩት ሻጩን።

«የውጭ ነው ጋሼ።»

«ከውጭ የት?»

«ያው ቻይና ይሆናላ። ጠንካራ ነው፤ ልቁምበትና ላሳይዎት?»

«ስንት ኪሎ ይችላል?»

ልጁ ከእግር እስከ ራሴ ለካኝ። «እርስዎን ይችላል» አለኝ።

ሳቅን። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ። ችግሩ የሚያውቀው ያን ያህል ብቻ መሆኑ ነው። እዚያ አሜሪካ ቀላሉ የቤት ውስጥ መሰላል 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ገደማ እንደሚችል ጎኑ ላይ ይጻፍበታል። ከባዱ ደግሞ 375 ፓውንድ፣ 170 ኪሎ ያህል። ይህ ክብደት ከነመሣሪያው፣ ከነቀለም ባልዲው ነው የሚታሰበው። አውሮፓውያንም መስፈርታቸውን ከ2018 መባቻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጥብቀውታል። የሚደገፍ መሰላል ርዝመቱ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ እግሩን የሚያሰፋ አግዳሚ ወይም ከታች የሚሰፋ ቅርጽ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ከመርካቶው መሰላል ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብፈልግ ያገኘሁት የሚስቀውን ሰውዬ ነው።

«ድሮስ ምን ነበረን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ድሮማ የአጣና መሰላል ነበረን። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሃላቸው በሚስማር የተመታ መወጣጫ። ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል፤ መወጣጫው ይሽከረከራል። ቀጥሎ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ያለው በያጅ በቱቦላሬ ይሠራልን ጀመር። ሁለቱንም አላንቆለጳጵስም፤ ስንት ሰው አሽመድምደዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ነበራቸው። የሠራቸው ሰው ይታወቅ ነበር። ብየዳው የለቀቀበት ሰው መሰላሉን በትከሻው ተሸክሞ ሄዶ በያጁ ደጅ ላይ ጣል ያደርገዋል። «ና እየው፣ ጉድ ሠርተኸኝ ነበር!» ይለዋል። በያጁም እየተሳቀቀ በነፃ ይበይድለታል፤ ለሌላ ጎረቤት የሠራውንም ትዝ ካለው ሄዶ ያይለታል። ይህ እኮ ራሱ ጥሪ ነው! ያለ ኮሚሽን፣ ያለ ወረቀት፣ በሰፈር ይሉኝታ የሚሠራ ጥሪ።

ዛሬ ያለነው መሃል ላይ ነው። የሰፈሩ በያጅ ስም ከእጃችን ወጥቷል፤ የፋብሪካው ስም ገና አልገባም። መሰላሉ በኮንቴይነር ይመጣል፣ በሦስት ነጋዴ እጅ ያልፋል፣ ቤታችን ሲደርስ ወላጁ የማይታወቅ ሆኖ ነው። እንኳን አምራቹ፣ አስመጪው ማን እንደሆነ ሻጩ አያውቅም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ያውም የቆየ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2085 ዕቃ እየሠራ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ይህ ቁጥር ሲጻፍ አሜሪካኖቹ ያንን ኮሚሽናቸውን ገና አላቋቋሙም ነበር። ታዲያ ሕጉ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ የሚከሰስ ሠሪ። «ሠሪው ማነው?» ሲባል «የውጭ ነው ጋሼ» የሚል መልስ ይዞ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? እዚያው ቁጥር ላይ፣ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ሠሪው አይጠየቅም የሚል ንዑስ ቁጥርም አለ። የእኛ የቀን ሠራተኛ የተለመደ ምርመራ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ መሰላሉን አንዴ በእግሩ ረገጥ፣ ሁለቴ በእጁ ነቅነቅ ማድረግ ነው። የማጠፊያው ውስጥ ያለ ስንጥቅ በእግር ርግጫ አይታይም።

በምግብና በመድኃኒት በኩል ጅምሩ አለን። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን «ኅብረተሰቡ እነዚህን ምርቶች እንዳይጠቀም» እያለ በየጊዜው ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ከሚጠቅሳቸው ጉድለቶች አንዱ ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? የአምራቹ ስምና አድራሻ የሌለበት መሆኑ! ባለሥልጣኑ ነገሩን ከሥሩ ይዞታል። ለጨውና ለዘይት የገባን ነገር ለመሰላል አልገባንም። መሰላል አይበላማ!

እዚህ ላይ አንድ ሚዛናዊ ነገር ልበል። ከመሰላል የሚወድቅ ሁሉ በመሰላሉ ጥፋት አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከ1990 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመሰላል ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል እንደታከሙ ገምቷል። የት እንደተጎዱ ከታወቀው መካከል 97 በመቶ ያህሉ የተጎዱት ከሥራ ቦታ ውጪ ነው፤ ማለትም አምፖል ሲቀይሩ፣ ጣራ ሲያዩ፣ ዛፍ ሲቆርጡ። ብዙ መውደቅ ከአጠቃቀም ይመጣል። መሰላሉ ግድግዳ የሚነካበት ከፍታ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር መራቅ አለበት። ጫፉ ላይ አይቆምም። ወደ ጎን ተንጠራርቶ ቀለም አይቀባም። ይህን የማያደርግ ሰው ምርጥ መሰላልም አያድነውም። ግን ይህንንስ የሚያስተምረው ማነው? ስም ያለው መሰላል ጎኑ ላይ ስሙን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ይህንን ትምህርትም ይዞ ይመጣል። ስም የሌለው ሁለቱንም አይዝም።

ደግሞም እኛ ዘንድ ጥፋቱ ምንጊዜም የወደቀው ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አንድ ቀለም ቀቢ ወይም ዲሽ ተካይ ከመሰላል ሲወድቅ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። «ሲቸኩል ነው።» «ማታ ጠጥቶ አድሮ ይሆናል።» «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረግ።» ቋንቋችንም ያግዘናል። በቅሎ ስትሆን «ጣለችው» እንላለን፤ ፈረስም «ጣለው»። በቅሎ እንኳ ትወቀሳለች። መሰላል ሲሆን ግን «ከመሰላል ወደቀ» ነው የምንለው፤ ወዳቂው እሱ፣ ጥፋተኛውም እሱ። ቅድም በ«በት» የተኩራራሁበት አማርኛ እዚህ ሲደርስ እንደ አሜሪካኖቹ ወረቀት ዝም ይላል። መሰላሉ ጥሎት እንደሆነስ ማን ጠየቀ?

ከዚያ የሆነውን አስቡ። ሰውየው ከሞተ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰልስቱ ይወጣል። ከተረፈ ደግሞ ወጌሻ ይጠራል ወይም ሐኪም ቤት ይተኛል፤ ቤተሰቡ በመዋጮ ይኖራል። መሰላሉስ? መሰላሉን ማንም አያነሳው። ጎብጦ ከሆነ በመዶሻ ይቀናል፤ በሽቦ ይጠፈራል፤ ግድግዳው ጥግ ይቆማል። በነጋታው ሌላ ሰው ይወጣበታል። የዚያው መሰላል መንትዮች ደግሞ፣ ከዚያው ኮንቴይነር የወረዱት፣ በየሰፈሩ ሌላ ሰው ተሸክመው ቆመዋል። ጥሪ ማለት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ሰው መውደቅ ለሁለተኛው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ማድረግ። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይወድቃል፤ መውደቁም አብሮት ይቀበራል።

እንግዲህ እንደ ድሮ አስተማሪነቴ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። ትልቅ ኮሚሽን ይቋቋም አልልም፤ የሚቋቋም መሥሪያ ቤት እንደሆነ አናጣም። ትንሽ ነገር ነው የምለው። ሰው ተሸክሞ ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ሁሉ የሠሪው ወይም የአስመጪው ስም፣ የሚችለው ክብደትና የተሠራበት ዓመት በማይፋቅ ቀለም ይጻፍበት። በያጁም በብየዳው ጫፍ ስሙን ይጻፍ፤ ያከብረዋል እንጂ አያዋርደውም። ገዢውም «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «የማን ነው?» ይበል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ከመሰላል ሲወድቅ፣ ከሐዘኑና ከመዋጮው ጋር አንድ ሰው ተነስቶ «መሰላሉ የማን ሥራ ነው? ሌላስ የት የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ።

የአሜሪካኖቹ ጽሑፍ ሰውየውን ረስቶ መሰላሉን ያስታውሳል። የእኛ ሐዘን ሰውየውን አልቅሶ መሰላሉን ይረሳል። እኔን የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ ሁለቱንም አልመርጥም። ሰውየውንም መሰላሉንም፣ ሠሪውንም በስማቸው የሚጠራ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የምፈልገው። አማርኛ ይህን ዓረፍተ ነገር ለመሥራት አቅም አያንሰውም። እገሌ የሠራው መሰላል እገሌ ላይ ተሰበረበት። ይኸው፤ ስሞቹን መሙላት ብቻ ነው የቀረው።